ኤምካትን ደግሞ ለተፈተነ አመልካች፦ ማመልከቻውን መቼ መላክ ይሻላል?

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጅ ተማሪ የመግቢያ ፈተናውን፣ ኤምካትን፣ ደግሞ ለመፈተን ሲወስን ሌላ ውሳኔም አብሮ ይመጣበታል። አምካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ መላክ የሚቻለው ደግሞ ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ አንሥቶ ነው። የፈተናው ውጤት ግን ከተፈተኑ በኋላ ከ30 እስከ 35 ቀን ያህል ይቆያል። በጁን ወይም በጁላይ የሚፈተን ሰው እንግዲህ ውጤቱን ሳያይ ይላክ፣ አይቶ ይላክ፣ ወይስ ዓመቱን አሳልፎ በሚቀጥለው ዙር ያመልክት? የሚሰጠው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ «ቶሎ ላክ፣ ወረፋ ያዝ» ሲል ሌላው «ውጤትህን ሳታይ ገንዘብህን አትበትን» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ሁኔታ ስላለ፣ ከዚህ በታች በቅድሚያ መለኪያዎቹን አስቀምጬ አማራጮቹን በእነሱ እመዝናለሁ።

አማራጮቹ የሚመዘኑባቸው መለኪያዎች

ዋናው መለኪያ ፋይሉ የሚሟላበት ቀን ነው። ብዙ አመልካቾች የሚጨነቁት ማመልከቻውን በላኩበት ቀን ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቱ ፋይሉን አንሥቶ የሚያነበው አራት ነገሮች ተሟልተው ሲያገኝ ነው፦ ትራንስክሪፕቱ (የኮሌጅ የውጤት መዝገቡ) በአምካስ ተጣርቶ ያለፈ ዋና ማመልከቻ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚልከው ሁለተኛ ማመልከቻ (ተማሪዎች ሰከንደሪ የሚሉት)፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች እና የኤምካት ውጤት። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ፋይል የሚያዩት እንደ ደረሰበት ቅደም ተከተል ነው፤ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ከአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት ካለው) መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን መደበኛ የመቀበያ ደብዳቤ መላክ የሚጀምሩት ከኦክቶበር 15 ወዲህ ነው። በኦገስት የተሟላ ፋይል እና በኦክቶበር የተሟላ ፋይል፣ ይዘታቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ እኩል የቃለ መጠይቅ ቦታ አይጠብቃቸውም።

ሁለተኛው መለኪያ ገንዘቡ በሚከፈልበት ሰዓት አመልካቹ ስለ ራሱ ምን ያውቃል የሚለው ነው። የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር የሚወጣው በውጤት ላይ ተመሥርቶ ነውና፣ ውጤቱን የማያውቅ ሰው ዝርዝሩን የሚያወጣው በተስፋ ነው። ሦስተኛው ራሱ ገንዘቡ ነው። በቅርብ ዓመታት አምካስ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ 46 ዶላር ገደማ ሲያስከፍል ቆይቷል። ሃያ ትምህርት ቤት የመረጠ ሰው ለዋናው ማመልከቻ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል ማለት ነው፤ ሰከንደሪ ሲጨመርበት፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለየብቻቸው ስለሚያስከፍሉ፣ ሂሳቡ በቀላሉ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። የተከፈለውም አይመለስም።

አራተኛው የጊዜ ጫና ነው፤ ለፈተና መዘጋጀትና ሰከንደሪ መጻፍ በአንድ ወር ከተገናኙ ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። የመጨረሻው ደግሞ ውጤቱ እንደታሰበው ባይሆን በእጅ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ማመልከቻ ሲሞላ ይህኛውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከቀኑ ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ቅድመ ጥያቄ፦ ውጤቱ በእርግጥ ይጨምራል?

የጊዜ ስሌቱ በሙሉ አዲሱ ውጤት ከአሮጌው ይበልጣል በሚል ግምት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ግምቱን መፈተሽ ይቀድማል። ኤምካት ከ472 እስከ 528 ባለው ሚዛን ይለካል፤ አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132 ይይዛሉ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ራሱ ለጠቅላላ ውጤቱ የ2 ነጥብ ከፍና ዝቅ ያለ ወሰን ያስቀምጣል፤ 508 ያገኘ ሰው ውጤቱ ከ506 እስከ 510 ባለው ውስጥ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ወሰን ውስጥ ለሚገኝ ጭማሪ ሲባል አንድ ዙር መሠዋት አያዋጣም። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የገቡ ተማሪዎች አማካይ ውጤት በቅርብ ዓመታት 512 ገደማ ስለሆነ፣ 510 ይዞ ለሁለት ነጥብ ደግሞ የሚፈተን ሰው እና 499 ይዞ ደግሞ የሚፈተን ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም።

ጭማሪው እውነት ስለ መሆኑ ያለው ማስረጃ የልምምድ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ደግሞ የሚፈተን ሰው እዚህ ላይ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በማኅበሩ የተዘጋጁት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ለመጀመሪያው ፈተና ሲዘጋጅም ብዙዎቹን ሠርቷቸዋል። ከወራት በኋላ ያንኑ ፈተና ሲደግመው ምንባቡን ባያስታውስ እንኳ የመልሱ አቅጣጫ በአእምሮው ቀርቷል፤ የሚያገኘው ቁጥርም ከእውነተኛው አቅሙ በላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ያልተነካ ይፋዊ ፈተና ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማስቀመጥ፣ የተደገሙትን ደግሞ ለትምህርት እንጂ ለግምት አለመጠቀም ይገባል። በተለይ ካርስ በሚባለው የንባብና የትንተና ክፍል የተደገመ ምንባብ ምንም አይነግርም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ውጤት መደበቅ እንደማይቻል ነው። የወጣ የኤምካት ውጤት ሁሉ በቀጥታ ወደ አምካስ ይገባል፤ ትምህርት ቤቶቹም ሁሉንም ያያሉ። አንዳንዱ ከፍተኛውን ይይዛል፣ አንዳንዱ የቅርቡን፣ አንዳንዱ አማካዩን፣ ሌላው ደግሞ አካሄዱን ይመለከታል። ማምለጫው በፈተናው ቀን፣ ከአዳራሹ ሳይወጡ፣ ፈተናው እንዳይታረም መምረጥ ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን ከተፈቀደው የሙከራ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ገደቡ በአንድ የፈተና ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 4፣ በሕይወት ዘመን 7 ነው። ከ10 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ቀን መቀየር ስለማይቻል፣ ያልተነካው የልምምድ ፈተና ከዚያ በፊት መሠራት አለበት።

አማራጭ አንድ፦ ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን መላክ

አመልካቹ ወደፊት የሚፈተንበትን ቀን በማመልከቻው ላይ አስፍሮ፣ ሙሉ ዝርዝሩን በጁን መጀመሪያ ይልካል። የትራንስክሪፕት ማጣራቱ የኤምካትን ውጤት ስለማይጠብቅ ሥራው ይቀጥላል፤ ሰከንደሪዎቹም ከጁን መጨረሻና ከጁላይ መጀመሪያ አንሥቶ መድረስ ይጀምራሉ። ውጤቱ ሲወጣ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ከቆየ ፋይሉ በዚያው ቀን ይሟላል። ከቀን አንጻር የሚወዳደረው የለም።

ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰከንደሪ በብዛት የሚመጣው አመልካቹ ለፈተናው ጥርሱን ነክሶ በሚያጠናበት ሰሞን ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይመከራል ስለሚባልም ድርሰቱ በጥድፊያ ይጻፋል። በተጨማሪም የወደፊት የፈተና ቀን ሲያዩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፋይሉን አዲሱ ውጤት እስኪመጣ ቢያቆዩም፣ ሰከንደሪ ከመላካቸው በፊት በውጤት የሚያጣሩ አሉ፤ እነዚህ በአሮጌው ውጤት ሊወስኑ ይችላሉ። ስለዚህ በአሮጌው ውጤት ላይ ያላቸውን አሠራር ከየድረ ገጻቸው አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። ውጤቱ ከወረደ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል፣ ዝርዝሩም ለሌላ ውጤት የተሠራ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አማራጭ የሚስማማው አሮጌው ውጤት ብቻውን ለዝርዝሩ ግማሽ ያህል ለሚበቃው፣ አዲሱን ፈተና ለማጠናከሪያ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ለአንድ ትምህርት ቤት ልኮ ሌሎቹን በኋላ መጨመር

አምካስ አንዴ ካጣራ በኋላ ትምህርት ቤት መጨመር ይፈቅዳል፤ የተጨመረውም እንደ አዲስ በማጣሪያው ወረፋ አይቆምም። ወረፋው በሚበዛበት ወቅት ማጣራቱ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ይህ ትንሽ የሚመስል ደንብ ትልቅ መንገድ ይከፍታል። አመልካቹ በጁን መጀመሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ 175 ዶላሩን ከፍሎ ይልካል፤ እሱ ሲያጠናና ሲፈተን ትራንስክሪፕቱ ይጣራል፤ ውጤቱ በወጣ ማግስት ቁጥሩን አይቶ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ትምህርት ቤቶቹን ይጨምራል፣ የተጣራው ማመልከቻም ሳይቆይ ይደርሳቸዋል።

አንድ ሰው በጁን መጨረሻ ይፈተናል እንበል። ውጤቱ በጁላይ መጨረሻ ይወጣል፤ ማጣራቱ ያን ጊዜ አልቋል ወይም ሊያልቅ ተቃርቧል። ከፈተናው ማግስት እስከ ውጤቱ ቀን ያሉትን አራት ሳምንታት ሰከንደሪ በማዘጋጀት ካሳለፈ፣ የትምህርት ቤቶቹ ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለዋወጡ፣ ጥያቄው ሲደርሰው አስተካክሎ ይልካል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ፋይሉ በኦገስት አጋማሽ ይሟላል። ከመጀመሪያው አማራጭ ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያ ሁለት ሳምንት የሚገዛው ግን ዝርዝርን በእውነተኛ ውጤት ላይ የማውጣት ዕድል ነው። በእኔ ግምት በጁን ለሚፈተን አብዛኛው ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

መጠንቀቅ የሚገባው ሦስት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የሚያመለክቱበት መሆን አለበት፤ ለብዙ ሰው ይህ በሚኖርበት ግዛት ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ተልኮ ውድቅ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ትምህርት ቤት ዘንድ ዳግም አመልካች መሆኑ ይታወቃልና፣ ለሙከራ ተብሎ የሚወደድ ትምህርት ቤት አይመረጥም። ሁለተኛ፣ ከተላከ በኋላ የግል መግለጫውም ሆነ የሥራና የተሞክሮ ዝርዝሩ አይታረምም፤ ለማጣሪያ ብቻ ነው ብሎ ሳያጠናቅቁ መላክ ያን ጽሑፍ ለሁሉም ትምህርት ቤት መላክ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ትራንስክሪፕቱ ካልደረሰ ማጣሪያው ወረፋ ውስጥ አይገባም፤ ሁለት ሦስት ኮሌጅ የተማረ ሰው ከየኮሌጁ ሬጅስትራር በሜይ እንዲላክለት መጠየቅ አለበት። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰደች አንዲት የበጋ ኮርስ ስትረሳ መላው ማመልከቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አማራጭ ሦስት፦ ውጤቱን ጠብቆ ሁሉንም አንድ ላይ መላክ

ይህን የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን አማራጭ ስለማያውቅ ነው። በጁላይ መጨረሻ ውጤቱን አይቶ የላከ ሰው ማጣሪያውን እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሰከንደሪው ሲጨመር ፋይሉ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር ይሟላል። ዋጋው ከሁለተኛው አማራጭ የሚለየው ውጤቱ ክፉ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ 175 ዶላሩ ይተርፋል፣ ዳግም አመልካች መባልም አይመጣም። የግል መግለጫው በጁን ዝግጁ ላልሆነ ሰው ካልሆነ በቀር የሚመከርበት ምክንያት አይታየኝም።

አማራጭ አራት፦ ወደሚቀጥለው ዙር ማሳለፍ

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ «ዓመት ባከነ» መባልን የሚያህል ከባድ ነገር ጥቂት ነው፤ ልጁ ተመርቆ ቤት ተቀመጠ የሚለው ወሬ ከፈተናው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች አሉ። ለእነሱ ሊነገራቸው የሚገባው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይተው የሚገቡ መሆናቸውን ነው። በአንጻሩ በ2023 አምካስ በኩል ካመለከቱት ከ52,000 በላይ ሰዎች ውስጥ የገቡት 23,000 ያህል ነበሩ። ደካማ ፋይል ይዞ ዘግይቶ ማመልከት አንድ ዓመት አያተርፍም፤ ውድቅ ሲሆን ያው ዓመት ያልፋል፣ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር አብሮ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ዙርም ከፊተኛው ምን ተለወጠ የሚል ጥያቄ ይጠብቃል።

ማሳለፍ ትርጉም የሚኖረው ግን ዓመቱ ሥራ ሲሠራበት ነው። በክሊኒክ የሚሠራው ሰዓት ያነሰ፣ የሳይንስ ነጥቡ ዝቅ ያለ፣ ወይም ደብዳቤ የሚጽፍለት መምህር ያልያዘ ሰው ኤምካቱ ቢጨምርም የሚቀረው ነገር አለ። ሁለት ተግባራዊ ጉዳዮችም መታየት አለባቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ የኤምካት ውጤት አይቀበሉም፤ ስለዚህ የአሮጌውም የአዲሱም ውጤት ቀን ከሚገቡበት ዓመት ጋር ይሰላል። የፌዴራል የተማሪ ብድር ያለበት ደግሞ ከተመረቀ 6 ወር በኋላ ክፍያ ስለሚጀምር የዓመቱ ሥራ ደመወዝ ያለው መሆን ይኖርበታል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በጁን መጨረሻ ለተፈተነ ፋይሉ የሚሟላው | ዋናው ገንዘብ ሲከፈል ውጤቱ ይታወቃል? | የጊዜ ጫና | ውጤቱ ቢከፋ |
|---|---|---|---|---|
| ሁሉንም ቀድሞ መላክ | ጁላይ መጨረሻ | አይታወቅም | በጣም ከባድ | ሙሉው ክፍያ ይባክናል፣ ለሁሉም ዳግም አመልካች ይሆናል |
| አንድ ልኮ ሌሎቹን መጨመር | ኦገስት አጋማሽ | ይታወቃል | መካከለኛ | 175 ዶላር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ዳግም አመልካች |
| ጠብቆ ሁሉንም መላክ | ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር | ይታወቃል | ቀላል | ምንም አይጠፋም |
| ዙሩን ማሳለፍ | የሚቀጥለው በጋ | ይታወቃል | ቀላል | እንደገና ለመዘጋጀት ጊዜ አለ |

ለማን የትኛው?

እስከ ሜይ መጀመሪያ የሚፈተን ሰው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ውጤቱ ማመልከቻው ወደ ትምህርት ቤቶች መተላለፍ ከመጀመሩ በፊት ይደርሳል። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ የሚፈተን፣ ሌላው ፋይሉ የተሟላ ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ የሚፈተን ሰው ፋይሉ ከኦገስት መጨረሻ በፊት ስለማይሟላ፣ ውጤቱ ከአማካዩ በላይ እንደሚወጣ ጠንካራ ማስረጃ ከሌለው በቀር ማሳለፉን ቢያስብ ይሻላል። በኦገስትና በሴፕቴምበር የሚፈተን ደግሞ ፈተናውን ለሚቀጥለው ዙር እንደተፈተነ ቢቆጥረው ይቀለዋል።

ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው የመጀመሪያው እርምጃ የማኅበሩ የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። የተፈቀደለት ሰው የኤምካት መመዝገቢያው በከፍተኛ መጠን ይቀንስለታል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት የአምካስ ክፍያ ይሰረዝለታል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የሰከንደሪውን ክፍያ ይተዉለታል። ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ላላቸውና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸውም ክፍት ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ግን ከመመዝገብና ከመክፈል በፊት መጽደቅ አለበት፤ ለዳግም ፈተናው ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ። ክፍያው የተሰረዘለት ሰውም ቢሆን ሁለተኛውን አማራጭ መከተሉ አይከፋም፤ የሚቆጥበው ድካሙንና የዳግም አመልካችነቱን ጣጣ ነው።

የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶችን (ዲኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡትን) የሚጨምር ሰው ስሌቱ ትንሽ ይላላለታል። የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፤ ቅደም ተከተል ቢከተሉም የብዙዎቹ የመዝጊያ ቀን ዘግየት ይላል፣ የተማሪዎቻቸውም አማካይ የኤምካት ውጤት ዝቅ ይላል። በጁላይ ተፈትኖ ዙሩን ማሳለፍ የማይፈልግ ሰው ዝርዝሩን ወደዚህ ቢያዘነብል ከአማራጭ ሁለት ጋር የሚሄድ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ካናዳ ለሚያመለክት ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ይለያል፤ የኦንታርዮ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ የሚዘጋው በኦክቶበር መጀመሪያ ሲሆን ቀድሞ መላክ ብልጫ አያስገኝም፣ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲም ኤምካት አይጠይቅም።

ሁለተኛውን አማራጭ የመረጠ ሰው ከውጤቱ ቀን በፊት ሦስት ዝርዝሮች ጽፎ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል፦ አንዱ ውጤቱ እንደታሰበው ቢመጣ የሚጨመሩት፣ አንዱ በሦስት አራት ነጥብ ዝቅ ቢል የሚጨመሩት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ ምንም ሳይጨመር ዙሩ የሚተውበት መስመር። ያ መስመር መጻፍ ያለበት አእምሮ በረጋበት ሳምንት ነው፤ ውጤቱ በሚወጣበት ቀን ሰው ከደስታው ወይም ከንዴቱ ጋር ሆኖ የሚጨምራቸው ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 46 ዶላር ያህልና ቢያንስ ሁለት ድርሰት ያስከፍሉታል።